በቱቦ ያደገ ልጅ አፉን ሲዘጋ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከቆጪ ሰፈር ነው። ወንድ ልጄ 20 ወሩ ነው። በሰባት ወሩ ተወልዶ ሙቀት ክፍል ብዙ ቆየ። መጥባት አልቻለም። ትን እያለው የሳንባ ምች ደጋገመበት። ከዚያ ወዲህ በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነው የሚመገበው። በየሦስት ሰዓቱ ወተትና አጥሚት በሲሪንጅ እሰጠዋለሁ፤ ሌሊትም እነሣለሁ። አሁን ተመስገን ደረቱ ደህና ነው። ሐኪሙም መዋጡን አይቶ ‹ከእንግዲህ በአፉ አለማምጂው› አለኝ። እኔ ግን አቃተኝ። ማንኪያ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ አፉን ግጥም ያደርጋል። ከንፈሩን ካስነካሁት ሊያስመልሰው ይቃጣዋል። አማቴ ‹እኛ ልጅ ያሳደግነው አግተን ነው፤ ያዢውና አጉርሺው፣ ሁለት ቀን አልቅሶ ይለምዳል› ይላሉ። አንድ ቀን ባለቤቴ እጁን ይዞልኝ ሞከርን። የበላውን ሁሉ አስመለሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ራሴ ስመጣ ያለቅሳል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ቱቦውን አውጪና አስርቢው፣ ሲርበው ይበላል› ትላለች። የእሷ ልጅ በእሱ ዕድሜ እንጀራ በወጥ ይበላል። ማንን ልስማ? አዲስ አበባ ልውሰደው ይሆን?
ግራ የገባኝ እናት»

እህቴ፣

ከተሰጡሽ ምክሮች አንዱን ዛሬውኑ ተዪው፤ ልጁን ይዞ ማጉረስን። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን። ይሄ ግን ለነገ አይባልም።

አማትሽ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። በእሳቸው ዘመን ሕፃን ይጋት ነበር። ጭን ላይ አጋድሞ፣ መዳፍን አፉ ላይ ደግኖ አጥሚቱን ማንቆርቆር። ዛሬም የሚያግት አለ። «እኛስ በዚያ አይደል ያደግነው?» ይባላል። ያደገው ነዋ የሚያወራው! ትን ብሎት የቀረው ምን ብሎ ያውራ? የሚያለቅስ ልጅ በአፉ አየር ይስባል። አየሩን ሲስብ አፉ ውስጥ ያለው ምግብ አብሮ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ለጤነኛ ልጅ እንኳ የማይደረግ ነገር ነው። ያንቺ ልጅ ደግሞ የሳንባ ምች የደጋገመበት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት እዚያው ደብዳቤሽ ላይ አለ። «እኔ ራሴ ስመጣ ያለቅሳል» ብለሻል። ጠልቶሽ አይደለም። ማንኪያውና አንቺ አንድ ላይ ስለመጣችሁበት ነው። ይስተካከላል፣ አትደንግጪ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ማንኪያ ይዘሽ አትቅረቢው። ምግቡን በቱቦው ስጪው፣ አፉን ተዪለት። እቀፊው፣ አጫውቺው፣ ገላውን እጠቢው። አንቺ ስትመጪ ክፉ ነገር እንደማይከተል ደጋግሞ ይየው።

የጎረቤትሽ ምክርም ከማጋት አይሻልም። «ሲርበው ይበላል» የሚባለው መብላት ለሚያውቅ ልጅ ነው። ልጅሽ ሲርበው ሆዱን ያመዋል እንጂ «አፌን ብከፍት ይሻለኛል» አይልም። ሁለቱን አገናኝቶ አያውቅማ። ቱቦውን አውጥተሽ ብትጠብቂው ሰውነቱ ይደርቃል፣ በደሙ ያለው ስኳር ይወርዳል። ትንሽ ልጅ ላይ ይህ በቀናት ሳይሆን በሰዓታት የሚመጣ ነገር ነው። ስለ ርሃብ ጎረቤትሽ ጨርሳ አልተሳሳተችም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ልጁ ምን እንደሚፈራ እንይ። ሕፃን ሲወለድ መጥባት አይማርም፤ ከንፈሩ ሲነካ ራሱ ይጠባል። ይህ በተፈጥሮ የተሰጠው መጥባት ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየጠፋ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መብላት በልምምድ የሚመጣ ነው። ምላስ ምግቡን ወደ ጎን መግፋት ይለምዳል። መንጋጋ መጨፍለቅ፣ ጉንጭ መሰብሰብ ይለምዳል። ሌሎች ልጆች ከስድስት ወራቸው ጀምሮ በየቀኑ ምግብ እያበላሹ ይህን ይለማመዳሉ። ልጅሽን ያ ጊዜ አልፎታል። አፉና አፍንጫው አካባቢ ያየው ነገር ደግሞ ሁሉም ክፉ ነው። ቱቦ ሲገባ ጉሮሮው ይፋቃል። ፕላስተር ሲነሣ ጉንጩ ይላጣል። አክታ ሲመጠጥለት ትንፋሽ ያጥረዋል። ወተቱ ሲፈጥንበት ያስመልሰዋል። ማንኪያ ስትዘረጊለት እሱ የሚያየው ያንን ሁሉ ነው።

ስለዚህ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሪው። ሁለት ወር ቀድሞ ስለተወለደ በትክክለኛው አቆጣጠር 18 ወሩ ነው። ሐኪሞችም ጊዜው ሳይደርስ የተወለደን ልጅ ሁለት ዓመት እስኪሞላው እንዲህ ነው የሚቆጥሩት። በመብላት በኩል ደግሞ ገና የስድስት ወር ልጅ ነው። እንጀራ በወጥ የሚበላው ልጅ ከዓመት በላይ ተለማምዶ ነው እዚያ የደረሰው።

ለዓመታት በሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከዚያ የያዝኩት አቋም ይሄ ነው፦ ቱቦው ጠላትሽ አይደለም። ሆዱን እሱ እየሞላልሽ ስለሆነ በአፉ ላይ ቸኩለሽ የምታተርፊው የለም። ልጁ ዛሬ አንዲት ጠብታ በአፉ ባይወስድም አይራብም። ብዙ እናቶች ግን ከቱቦው ጋር እልህ ይይዛሉ። ቱቦው የወጣ ቀን ልጁ የዳነ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ልጁ ምግብ መፍራቱን ይተው። መጠኑ ከዚያ በኋላ ነው። ቱቦው መጨረሻ ላይ የሚወጣ ነው።

ወደ ሥራው ሳንገባ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሐኪሙ መዋጡን ያየው በምንድን ነው? በውኃ ነው፣ በአጥሚት ነው፣ በገንፎ? ልዩነት አለው። መዋጥ ለደከመ ልጅ ከሁሉም የሚከብደው ውኃ ነው። ቀጭን ስለሆነ ጉሮሮው ሳይዘጋጅ ሸርተት ይላል። ወፈር ያለው ይቀላል። የትኛውን ውፍረት መስጠት እንደምትችዪ በግልጽ ይነገርሽ። ሲቀምስ ካሳለ፣ ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውኃ እንደያዘ ከሆነ፣ ዓይኑ እንባ ካቀረረ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ በዚያው አቁሚ። ሳያስል ወደ ሳንባው የሚገባበትም ልጅ አለ። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ትኩሳት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ወይም ደረቱ መንኮራፋት ከመጣ «ብርድ ነው» ብለሽ አትለፊው። የጅማ ዝናብ እንደሆነ ለብርድ ማሳበቢያ አያጣም። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ቤትሽ እንግባ፤ ከቱቦው እንጀምር። ወተቱን በሲሪንጅ ትገፊዋለሽ ወይስ በራሱ ነው የሚወርደው? የምትገፊው ከሆነ መግፊያውን አውጪና ሲሪንጁን ከፍ አድርገሽ ያዢው። ወተቱ በራሱ ክብደት ይውረድ። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይውሰድ። በግፊት የገባ ወተት ሆዱን በአንዴ ይወጥረዋል፣ ያስመልሰዋል። ሁልጊዜ የሚያስመልሰው ልጅ ደግሞ ምግብ ሊወድ አይችልም። ሲመገብ አይጋደም። ከጨረሰም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ ይቆይ።

ከዚያ የቱቦውን ሰዓት ከማዕዱ ሰዓት ጋር አገናኚው። እናንተ ምሳ ስትበሉ እሱም ምሳውን በቱቦው ያግኝ፤ ግን ከእናንተ ጋር ተቀምጦ። ጀርባው ደገፍ ይበል። እግሩ አይንጠልጠል፣ መሬት ወይም በርጩማ ይርገጥ። ሰውነቱ ካልተረጋጋ ልቡ ወዳለመውደቅ ነው የሚሄደው፤ አፉን አያስበውም። ፊቱ ትንሽ ሰሃን ይኑር። ሰሃኑ ላይ ያለውን እንዲበላ ግን ማንም አይጠይቀው። ይንካው፣ ይጨፍልቀው፣ ፀጉሩን ይቀባው። እናንተ ስታኝኩ ይይ። ሽታውን ይልመደው። ሆዱ ሲሞላ ዓይኑና አፍንጫው ምግብ ላይ ከሆኑ፣ ጥጋብና ምግብ ቀስ በቀስ ይገናኙለታል።

በእኛ ቤት በምግብ መጫወት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። እንጀራ ሲወድቅ አንሥተን የምንስም ሰዎች ነን። ለዚህ ልጅ ግን ለጊዜው ይፈቀድለት። ላስቲክ አንጥፊበት፣ ልብሱን አውልቂለት፣ ከዚያ ገላውን እጠቢው። የምትሰጪው ምግብ ብዙ መሆን የለበትም፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ቀን ጨዋታ ይበቃል።

ደግሞም ጅማ ነው ያለሽው። አቮካዶ ከደጅሽ አይጠፋም። ለእንዲህ ያለ ልጅ ከአቮካዶ የሚሻል መጀመሪያ ብዙ አላውቅም። ለስላሳ ነው፣ አይፈስም፣ ጉልበት አለው፣ ሽታው አይከብድም። በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ስኳር ድንች፣ እርጎም ጥሩ ናቸው። ዓመት ስላለፈው ማርም ጣቱ ላይ ማስነካት ትችያለሽ። ከዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን ማር አይሰጥም፤ ይህን ለሌሎች እናቶችም ንገሪልኝ።

ጣዕም የሌለው ነገር ብቻ ካልሆነ ብለሽም አትጨነቂ። በቱቦ ያደጉ ልጆች አንዳንዶቹ ጠንከር ያለ ጣዕም ይመርጣሉ። ገንፎ እንቢ ያለው ልጅ ሽሮ ሲልስ አይቻለሁ። ጨውና በርበሬ የበዛበት አይሁን እንጂ ከማዕዱ የሸተተውን ይሞክር።

ማንኪያው መጀመሪያ መጫወቻ ይሁን። ባዶውን ስጪው፣ ያጩኸው፣ ይንከሰው። ሲለምደው ጫፉን ብቻ እርጎ ነክረሽ በእጁ አስይዢው። አፉ ውስጥ የሚከተው እሱ ራሱ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ሁሉም ነገር እሷ ላይ ነው። ጣቱንም መንከር ይችላል። ለመጠጥ ባዶ ሲኒ ስጪው፤ ለትንሽ አፍ ልኩ ነው፣ እንደ ጡጦም ጋድም ብሎ አይጠጣበትም። ከመሰበር የሚተርፍ የላስቲክ ሲኒ ካገኘሽ ይሻላል። ሲኒውን ነው ያልኩት እንጂ ቡናውን አይደለም። ቡናና ሻይ ሰውነቱ ከምግብ የሚያገኘውን ብረት ይሻሙታል።

ሲቀምስ ይተፋል። ሲተፋ አትቆጪ፣ ፊትሽም አይለወጥ። መትፋት እንደሚችል ያወቀ ልጅ ደፍሮ ይቀምሳል። ሊያስመልሰው ሲቃጣውም አትደንግጪ። ትንሽ ልጅ ይህ ስሜት የሚመጣው ከምላሱ ፊት ለፊት ነው። እየለመደ ሲሄድ ወደ ኋላ ይሸሻል። ዝም ብለሽ ጠብቂው፣ ይረጋጋል። ድምፅ እያሰማና እያሳለ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። የሚያስፈራው ድምፅ የሌለው ነው። ማልቀስም ማሳልም አቅቶት ፊቱ ከጠቆረ ታንቋል ማለት ነው። ያኔ ጣትሽን ጉሮሮው ውስጥ አትስደጂ። ጭንሽ ላይ በደረቱ አስተኚው፣ ራሱ ዝቅ ይበል። በመዳፍሽ ታችኛው ክፍል በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ምቺው። ካልወጣ ከኋላው ሆነሽ ከእምብርቱ ከፍ ብለሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፊው። እየደጋገምሽ እርዳታ ጥሪ። ይህን ከንባብ ብቻ አትያዢው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርሷ በእጇ ታሳይሽ፤ አማትሽም አብረው ይዩ።

ስለ መታነቅ ካነሣን የቡናውን ነገር ልናገር። አቦል ሲወርድ ቄጠማው ላይ ፈንዲሻ ይበተናል፣ ቆሎ ይዞራል። ልጁ መቅመስ በጀመረበት ወቅት መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ እኛም ያንን ነው የምንፈልገው። ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ከረሜላ፣ ጥሬ ካሮትና ቁራጭ ሥጋ ግን ለእሱ አይሆኑም። በቱቦ ያላደገ የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ ፈንዲሻ ሊያንቀው ይችላል። የቡና ቁርስ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ቡና ላይ ሌላም ችግር አለ፤ ሰዎቹ። ልጁ ጣቱን ሲልስ «በላ! በላ!» ብሎ የሚያጨበጭብ ይኖራል። አንዷ ተነሥታ «እስቲ ከእኔ እጅ» ብላ ታጎርሰዋለች። ጉርሻ በእኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ያልጠራው እጅ አፉ ውስጥ መግባቱ ነው። ጭብጨባውም ቢሆን ያው ግፊት ነው። ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ሲያርፍ ልጁ ይቆማል። ሲቀምስ እናንተ ወሬያችሁን ቀጥሉ። ደስታሽን ሌላ ክፍል ሄደሽ ግለጪው።

ስልክ ላይ ካርቱን እያሳዩ ማጉረስንም ትሰሚያለሽ። አልወደውም። ልጁ ፈዝዞ ሲውጥ ሰሃኑ ይጎድላል፣ እናትም ደስ ይላታል። ግን ምን እንደበላ፣ መቼ እንደጠገበ አያውቅም። ስልኩ የጠፋ ቀን እዚያው የተጀመረበት ቦታ ነው የምትመለሺው።

መድኃኒት በምግቡ ውስጥ አትደብቂ። የሚመር ሽሮፕ እርጎ ውስጥ ያገኘ ልጅ እርጎን በሙሉ ይጠረጥራል። ቱቦው እስካለ ድረስ መድኃኒቱ በዚያው ይሂድ። ጥርሱንም ቦርሺው። ባይበላም ጥርሱና ምላሱ ላይ ተህዋስያን ይራባሉ፤ ምራቁ ትን ካለው እነሱም ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። ብሩሹን መጀመሪያ እሱ ይያዘው። ብሩሽ የለመደ አፍ ማንኪያም አይከብደውም።

ልሶ መዋጥ ከጀመረ በኋላ ውፍረቱን ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ከለስላሳ ወደ ወፍራም፣ ከወፍራም ወደ ተጨፈለቀ፣ ከዚያ በጣት ሲጫኑት ወደሚፈርስ ቁራጭ። በሹካ የተጨፈለቀ እንቁላል ወይም ጎደሬ እዚህ ላይ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሾርባ ውስጥ ቁራጭ አድርጎ ሲሰጥ ነው። ፈሳሽና ቁራጭ በአንድ ጉርሻ ሲመጣ ከሁሉም ይከብዳል፤ ፈሳሹን ሲውጥ ቁራጩ ያመልጠዋል። በመረቅ የራሰ ፍርፍርም እንደዚያው ነው። እሱ ይቆይ።

አሁን ወደ ርሃብ። ልጁ ያለ ፍርሃት ሲቀምስ፣ በቀን ጥቂት ማንኪያ ሲውጥ፣ ያኔ ርሃብ ያስፈልገዋል። በየሦስት ሰዓቱ የሚሞላ ሆድ ምግብ አይጠይቅም። ግን የሚቀነሰው በግምት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ወደ 80 ካሎሪ ይፈልጋል። 8 ኪሎ ቢሆን 640 ማለት ነው፤ ክብደቱ ወደኋላ የቀረ ከሆነ ደግሞ ከዚህም በላይ። አንድ የሾርባ ማንኪያ አቮካዶ 25 ካሎሪ ያህል ብቻ አለው። ሦስት ማንኪያ በላ ብለሽ አንድ ሙሉ ሲሪንጅ ብትዘልዪ ልጁ ከሰረ። ለዚህ ነው ሐኪሙ ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያው በቁጥር ተነሥቶ መቀነስ ያለበት።

ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ሰዓቱን በማስተካከል ነው። አጠቃላይ መጠኑ ሳይነካ ሦስት ሰዓት የነበረው ልዩነት ወደ አራት ይሰፋል። ልጁ ማታ የሚፈልገውን በቀን ካገኘ የሌሊቱ ይቀራል፤ አንቺም ትተኛለሽ፣ እሱም ጠዋት ርቦት ይነሣል። ከዚያ የቀኑ መጠን በጥቂቱ ይቀነሳል፣ ለምሳሌ በአሥር በመቶ። ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ይታያል፣ እንደገና ይቀነሳል። ምግቡ በአፍ የሚቀርበው ከቱቦው በፊት ነው፤ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። የበላው እንዲጠቅመው የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል አድርጊበት። ዘይቱ ብቻውን 40 ካሎሪ ገደማ ይጨምርለታል።

በዚህ ጊዜ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን አስመዝኚው። ሚዛኑ አንድ ይሁን፣ ዳይፐሩ ይውለቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የክንዱን ዙሪያ በቀለማቱ ሜትር ይለኩልሽ። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ከወረደ መቀነሱ ይቁምና ሐኪም ይየው። ከ11.5 በታች ከሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ለስድስት ሰዓት ካልሸና፣ አፉ ከደረቀ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው የቀነስሽውን በቱቦው መልሺለትና ሂጂ። ከታመመም ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል። ይህ ሽንፈት አይደለም።

ምንም ብታደርጊ ፍላጎት ካላሳየ ደሙ ይመርመር። የብረት እጥረት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። የሆድ ድርቀትም እንዲሁ። በወተት ብቻ ያደጉ ልጆች ላይ ሁለቱም ይበዛሉ።

ቱቦው የሚወጣው ለተከታታይ ሳምንታት በአፉ በልቶና ጠጥቶ ክብደቱ ካልወረደ ነው። መካከል ላይ አንድ ጉንፋን በአፉ እየበላ ቢያልፍ ደግሞ ልባችን ይበልጥ ይረጋል። ስንት ወር ይፈጃል ካልሽኝ፣ ልጁ ነው የሚወስነው። በሁለት ወር የጨረሰም አለ፣ ዓመት የፈጀበትም አለ።

ስለ አማትሽ። «ተሳስተዋል» ብለሽ አትግጠሚያቸው፤ ቤቱ ይረበሻል፣ ልጁም ይሰማዋል። ሥራ ስጪያቸው። «እማማ፣ ሐኪሙ ልጁ ሰው ሲበላ እያየ ይማራል ብሏል፤ እስቲ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ይብሉለት» በያቸው። አጥሚቱንም እሳቸው ያዘጋጁ። ሐኪሙ ጋ አብረው ይሂዱና «ይዞ ማጉረስ ክልክል ነው» የሚለውን ከእሱ አፍ ይስሙ። ካንቺ የማይቀበሉትን ከነጭ ጋዋን ይቀበላሉ፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ባለቤትሽም ያንን ቀን ለልጁ ይካሰው። ማዕዱ ላይ ይያዘው፣ ግን እጁን ሳይሆን ወገቡን።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ አሁን አትሂጂ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና እየተንገላታ የሚሄደው ልጅ እዚያ የሚያገኘው ምክር ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ትምህርቱ ያለው ቤትሽ ማዕድ ላይ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የደቡብ ምዕራቡ ትልቁ ሪፈራል ነው፤ የሕፃናት ሐኪሞች አሉት። በቀጠሮሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው፣ ቱቦው በአፍንጫው ይህን ያህል ከቆየ ለምን በሆዱ በኩል አይሆንም የሚለው ነው። የአፍንጫ ቱቦ ለሳምንታት እንጂ ለዓመታት የታሰበ አይደለም። ጉሮሮውን ይዞ ስለሚቀመጥ መዋጡንም ያስቸግራል፣ በተቀየረ ቁጥርም ልጁ ያንኑ ፍርሃት እንደገና ያያል። መብላቱ ገና ወራት የሚፈጅ ከመሰላቸው የሆዱ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊሻል ይችላል። ፊቱም ነፃ ይወጣል። ሁለተኛው፣ ማን ክብደቱን ተከታትሎ መጠኑን እንደሚቀንስልሽ ነው። አንድ ሰው ይሁን፣ ስሙንና የሚገኝበትን ቀን ያዢ።

ሲቀምስ ሳሉ ከቀጠለ ወይም የሳንባ ምቹ ከተመለሰ ግን በአፉ መስጠቱን አቁመሽ ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። እዚያ የምትፈልጊው ልጁ ሲውጥ በኤክስሬይ እየታየ የሚደረገውን ምርመራ ነው። ወረቀቱ ላይ ይጻፍልሽ፤ እሱ ካልተጻፈ ተራ ይዘሽ ያንኑ ምክር ሰምተሽ ትመለሻለሽ። የክብደቱን መዝገብ፣ የቀድሞ የደረት ራጅ ካለ እሱንም፣ ለመንገድ ደግሞ ትርፍ ሲሪንጅና ፕላስተር ያዢ።